መርዝ፣ ኢንፌክሽን ወይስ ዕፅዋት? ሦስቱንም ለወደደች ተመራቂ

ከአንዲት ወጣት የደረሰን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «በባዮሎጂ ተመርቄያለሁ። የመመረቂያ ሥራዬ የአንድ ተክል ቅጠል ምን ያህል አንቲኦክሲደንት (ሴልን የሚጎዱ ኦክሲደንቶችን የሚያከሽፍ) እንደሆነ መለካት ነበር። ዲፒፒኤች በሚባል የላብ ምርመራ ለካሁት፤ ውጤቱ ከቫይታሚን ሲ ጋር የሚቀራረብ ሆነ። አሁን ማስተርስ መማር እፈልጋለሁ፤ ግን ልቤ ሦስት ቦታ ተከፍሏል። አካባቢያችን ውስጥ ያሉ መርዞች ሰውን እንዴት እንደሚጎዱ ማጥናት እፈልጋለሁ። ተላላፊ በሽታም ይስበኛል። ዕፅዋትንም መተው አልፈልግም። አንድ መምህሬ ሦስቱን ካሳደድሽ አንዱንም አትይዢም አሉኝ። ቤተሰቦቼ ደግሞ በቅጠል ምርምር ሥራ አይገኝም ይላሉ። የቱን ልያዝ?»

ሰላም እህቴ፣

መምህርሽ ይህን ያሉሽ አስበውልሽ ነው። ሦስቱ የተራራቁ ነገሮች ናቸው በሚለው ግን አልስማማም። የሚለያዩት የትምህርት ክፍሎቹ ናቸው። ሰው ሰውነት ውስጥ ሲገቡ አብረው ነው የሚሠሩት። አንቺ ገና ያልወሰንሽው ርዕሱን ሳይሆን ሙያውን ነው። በእጅሽ ምን መለካት ትችያለሽ? ቀጣሪም ሆነ የፒኤችዲ አማካሪ መጀመሪያ የሚያየው ይህን ነው።

አብረው ይሠራሉ ያልኩትን ላሳይሽ። አፍላቶክሲን በቆሎና ኦቾሎኒ ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው። ዓለም የነቃበት እ.ኤ.አ. በ1960 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። እንግሊዝ ውስጥ ተርኪ የሚባሉ ከ100,000 በላይ ዶሮ መሰል ትልልቅ ወፎች በተበከለ መኖ አለቁ። መርዙ የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀው በኋላ ነው። ሄፓታይተስ ቢም ጉበትን ለካንሰር የሚዳርግ ቫይረስ ነው። ታዲያ ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙስ? ሻንጋይ ውስጥ ከ18,000 በላይ ወንዶችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያ መልሱን አገኙ። ሽንታቸው ውስጥ የአፍላቶክሲን ምልክት የተገኘባቸው፣ ቫይረሱ ግን የሌለባቸው ሰዎች በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሁለቱም ነፃ ከሆኑት 3 እጥፍ ገደማ ነበር። ቫይረሱ ብቻ ያለባቸው 7 እጥፍ ገደማ። ሁለቱም ያለባቸው ግን ወደ 60 እጥፍ ተጠጉ።

ይህን ቁጥር ደጋግመሽ እዪው። የመርዝ ባለሙያው ለብቻው፣ የቫይረስ ባለሙያውም ለብቻው ቢሠሩ ኖሮ አይገኝም ነበር። የተገኘው ሽንት ውስጥ ያለችን እጅግ ጥቂት የመርዝ ቅሪት መለካት የሚችል ሰው ስለነበረ ነው።

ሌላም አለ። በ2012 የወጣ የፋሮ ደሴቶች ጥናት ፒፋስ የሚባሉትን በቀላሉ የማይፈርሱ ኬሚካሎች ልጆች ደም ውስጥ ለካ። በ5 ዓመታቸው የኬሚካሉ መጠን እጥፍ የሆነባቸው ልጆች በ7 ዓመታቸው ከቴታነስና ከዲፍቴሪያ ክትባት ያገኙት ፀረ እንግዳ አካል በግማሽ ያህል ያነሰ ነበር። ይህ የመርዝ ጥናት ነው ወይስ የኢንፌክሽን? ሁለቱም ነው።

አሁን ወደ ዕፅዋቱ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ጠንከር እላለሁ፤ ቅር እንዳይልሽ።

የዲፒፒኤች ምርመራ ሐምራዊ ፈሳሽ ወደ ቢጫ ሲለወጥ የሚያሳይ ነው። የሚነግርሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኤክስትራክትሽ (ከቅጠሉ ያወጣሽው ውህድ) ብልቃጥ ውስጥ ኤሌክትሮን ወይም ሃይድሮጅን መስጠት ይችላል። አንጀት አልፎ ደም ውስጥ ይገባል ወይ? ጉበት ሳይለውጠው ሴል ጋ ይደርሳል ወይ? በምን መጠን? ይህን አይመልስም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴርም ኦራክ በሚባል ተመሳሳይ መለኪያ የምግቦችን ደረጃ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ነበረው። ቁጥሮቹ በሰው ጤና ላይ ያለውን ውጤት አያሳዩም ብሎ በ2012 ከድረ ገጹ አወረደው።

ከዚህ የከበደም አለ። ቤታ ካሮቲን ጥሩ አንቲኦክሲደንት ነው ተብሎ ፊንላንድ ውስጥ ከ29,000 በላይ አጫሽ ወንዶች ላይ ተሞከረ። ውጤቱ በ1994 ሲወጣ ቤታ ካሮቲን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። አሜሪካ ውስጥ በአጫሾችና በአስቤስቶስ ሠራተኞች ላይ የተደረገው ሙከራ ቤታ ካሮቲንን ከቫይታሚን ኤ ጋር ይሰጥ ነበር። እዚያም ካንሰሩ 28 በመቶ ስለበዛ ሙከራው በ1996 ከጊዜው በፊት ቆመ። እነዚህ ሰዎች ሊጠቀሙ ብለው ነው የገቡት። ስለዚህ «ቅጠሌ ከቫይታሚን ሲ ጋር ይቀራረባል» የሚለው ዓረፍተ ነገር የምርምር መነሻ ይሁንሽ እንጂ መድኃኒት አገኘሁ ወደሚል ቃል እንዳይለወጥ አደራ።

ኢንፌክሽን ደግሞ ነገሩን የበለጠ ያወሳስበዋል። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ባክቴሪያ የሚገድሉት በከፊል እነዚያኑ «መጥፎ» የምንላቸውን ኦክሲደንቶች አምርተው ነው። ያንን ማምረት የማይችሉ ልጆች ይወለዳሉ። ክሮኒክ ግራኑሎማተስ ዲዚዝ ይባላል። በባክቴሪያና በፈንገስ ደጋግመው ይታመማሉ። እና ኦክሲደንትን ሁሉ ማጥፋት ግባችን ሊሆን አይችልም።

የወባ መድኃኒቱን አርቴሚሲኒንን ደግሞ ተመልከቺ። ከዕፅዋት ከተገኙት መድኃኒቶች መካከል እንደሱ ብዙ ነፍስ ያዳነ ጥቂት ነው። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ በ1971 ጥንታዊ የቻይና የሕክምና ጽሑፍ አንብበው መድኃኒቱ የሚወጣበት ተክል መፍላት እንደሌለበት ጠረጠሩ። በዝቅተኛ ሙቀት በኢተር ሲያወጡት ሠራ። በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። የሚሠራው ግን በአንቲኦክሲደንትነቱ አይደለም፤ በተቃራኒው ነው። ሞለኪዩሉ ውስጥ ያለው የፐርኦክሳይድ ድልድይ የወባ ተሐዋሲው ውስጥ ካለው ብረት ጋር ሲገናኝ ይሰበርና ተሐዋሲውን የሚገድሉ ራዲካሎች (ያገኙትን ሁሉ የሚያጠቁ ያልተረጋጉ ሞለኪዩሎች) ይፈጥራል። ተመራማሪዎቹ ያንን ተክል በዲፒፒኤች ብቻ መዝነው ቢሆን ኖሮ ምን ይደርስ ነበር? እንዲህ ብለሽ መጠየቅ ከለመድሽ ዕፅዋትን መተው አያስፈልግሽም።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። እጅሽን በመለካት ኬሚስትሪ አሠልጥኚ። ማስ ስፔክትሮሜትሪ (ሞለኪዩሎችን በክብደታቸው የሚለይ መለኪያ)፣ በተለይ ኤልሲ-ኤምኤስ፤ ብረቶችን ከወደድሽ አይሲፒ-ኤምኤስ። ኤክስትራክት ማዘጋጀት ስለምታውቂ መንገዱ ግማሽ ተጉዞልሻል። አፍላቶክሲንን እህል ውስጥ፣ ፀረ ተባይን ውሃ ውስጥ፣ ሊድ የሚባለውን መርዛማ ብረት የልጅ ደም ውስጥ፣ የተክል ውህድን የሰው ሽንት ውስጥ የምታገኚው በዚሁ ሙያ ነው። ቤተሰቦችሽ በከፊል ልክ ናቸው። «የመድኃኒት ዕፅዋት ተመራማሪ» የሚል የሥራ ማስታወቂያ ብዙ አይወጣም። ናሙና አዘጋጅቶ፣ መሣሪያውን አስተካክሎ፣ የሚታመን ቁጥር የሚያወጣ ሰው ግን የምግብ ደኅንነት ላቦራቶሪ ይፈልገዋል። የመድኃኒት ጥራት ቁጥጥር፣ የውሃ ምርመራ፣ የሆስፒታል ቶክሲኮሎጂም ይፈልጉታል። ይህን ስትነግሪያቸው ጭንቀታቸው ይቀላል ብዬ አስባለሁ።

ከሱ ጎን ስታቲስቲክስ ያዢ። አር የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፤ ዛሬውኑ መጀመር ትችያለሽ። ኢንፌክሽኑን በሚመለከት ግን ሕያው ተሐዋሲ ላይ መሥራት የደኅንነት ደረጃ ያለው ላብና ሥልጠና ይፈልጋል። የምታመለክቺበት ቦታ ያ ከሌለው አታስቢው። ቫይረሱን ራስሽ ሳታሳድጊም በታካሚዎች ናሙና ላይ የሚሠራ ቡድን ውስጥ መግባት ይቻላል።

የማስተርስ ጥናትሽ ጥያቄ ሦስቱን አንድ ላይ እንዲነካ ማድረግም ይቻላል። ለምሳሌ፦ «አፍላቶክሲን የነካቸው የጉበት ሴሎች ላይ ይህ ኤክስትራክት የዲኤንኤ ጉዳቱን ይቀንሳል ወይ? በምን መጠን? ሴሉን ራሱ ሳይገድል?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ወጥመዶቹን ካወቅሽ። አፍላቶክሲን ዲኤንኤን የሚጎዳው የጉበት ኢንዛይም ካነቃው በኋላ ነው። ብዙ ላብ የሚጠቀምበት ሄፕጂ2 የሚባለው ሴል እነዚህ ኢንዛይሞች በጣም ያንሱታል፤ ሄፓአርጂ የተሻለ ነው። ፖሊፌኖል የሚባሉት የተክል ውህዶች ኤምቲቲ የሚባለውን የሴል ሕይወት መለኪያ በቀጥታ ቀለሙን ይለውጡታል። የሞተ ሴል ሕያው መስሎ ይታይሻል። ስለዚህ ሴል የሌለበት ማነጻጸሪያ ናሙና ሁልጊዜ ይኑርሽ። አንዳንዶቹ ደግሞ ሴል ማሳደጊያው ፈሳሽ ውስጥ ራሳቸው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይፈጥራሉ፤ አንቲኦክሲደንት ነው ብለሽ የጨመርሽው ነገር ሴሉን ሲጎዳው ታያለሽ።

አንቲኦክሲደንት የሚለው ቃል ራሱ ሊያሳስትሽ እንደሚችልም እወቂ። ብሮኮሊ ውስጥ ያለው ሰልፎራፌን ራዲካልን በቀጥታ የሚያጠፋ አይደለም። ኤንአርኤፍ2 የሚባለውን የሴል መቆጣጠሪያ ቀስቅሶ የሴሉን የራሱን መከላከያ ያስነሳል። ቻይና ውስጥ አየሩ በተበከለበት ቺዶንግ በሚባል አካባቢ የብሮኮሊ ቡቃያ መጠጥ ለ12 ሳምንት የጠጡ ሰዎች ከሌሎቹ 61 በመቶ የበለጠ የቤንዚን ቅሪት በሽንታቸው አስወግደዋል። ውጤቱ በ2014 ነው የወጣው። ቤንዚን ስል ካንሰር አምጪውን ኬሚካል ማለቴ ነው። በሽታ ቀነሰ ማለት አይደለም፤ ጥናቱም እንደዚያ አላለም። ግን መርዝ፣ ተክልና የሰው ሽንት አንድ ላይ የተለኩበት ሥራ ነውና ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አማካሪ ስትመርጪ ስሙን ብቻ አትዪ። መሣሪያው ይሠራል ወይ? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ከዚህ በፊት ያስተማሯቸው ልጆች አሁን የት ናቸው? ያስተማሯቸውን ልጆች በቀጥታ አነጋግሪ። ተክሎቹን በባለሙያ አስለይተው ናሙናውን ሄርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ማከማቻ) ያስቀምጣሉ ወይ ብለሽ ጠይቂ፤ ያ ካልተደረገ ማንም ሥራሽን ሊደግመው አይችልም። ዕውቀቱ ከባህል ሐኪም የመጣ ከሆነ ፈቃዱና ጥቅሙ እንዴት እንደሚጋራ ከመጀመሪያው ይጻፍ። በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የናጎያ ፕሮቶኮል የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚመለከተው ይህንን ነው፤ ለእኔ ደግሞ ከሕጉ በፊት የጨዋነት ጉዳይ ነው።

ስትጽፊላቸው «ሦስት ነገር እወዳለሁ» ብለሽ አትጀምሪ። እንዲህ ብትይ ይሻላል፦ «በመመረቂያ ሥራዬ የቅጠል ኤክስትራክት አዘጋጅቼ በዲፒፒኤች ለክቻለሁ። መለኪያው ሰውነት ውስጥ የሚሆነውን እንደማያሳይ ገብቶኛል። አሁን መርዝ በተነካ ሴል ላይ ኤክስትራክቱ ምን እንደሚያደርግ በኤልሲ-ኤምኤስ መከታተል መማር እፈልጋለሁ። ቡድንዎ የሚሠራው ለዚህ ቅርብ መስሎኛል።» አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ከሥራዎቻቸው አንዱን በእርግጥ አንብበሽ በስሙ ጥቀሺ። በ2 ሳምንት መልስ ካልመጣ አንዴ አስታውሻቸው፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ላብ እለፊ።