በቸነፈር መሃል ሳቅ፦ ስለ «ዘ ዲካሜሮን» ድራማ ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ከሰዓት ዕረፍቴ ነው፤ ሻዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ፍሎረንስ ስኖር አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ ባዳንቴ ነው። የሥነ ጽሑፍ መምህርት የነበሩ አንዲት አዛውንት እንከባከባለሁ። ዓይናቸው ስለደከመ መጽሐፍ የማነብላቸው እኔ ነኝ። የጣሊያናዊውን ደራሲ የቦካቾን «ዴካሜሮን» ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት በእሳቸው ምክንያት ነው። ኔትፍሊክስ ከዚያ የተነሣውን ድራማ ሐምሌ 18 ቀን 2016 ሲለቅ ደግሞ በሁለት ቀን ጨረስኩት። ከዚያ ደገምኩት። ግማሻችሁ ወዳችሁታል፣ ግማሻችሁ «ጊዜዬን በላብኝ» ትላላችሁ። በሉ ጠይቁ። መጨረሻውን ግን አልነግራችሁም።

ጥያቄ፦ እኔ ገና አላየሁትም። ባጭሩ ታሪኩ ምንድን ነው?

መልስ፦ በፈረንጅ 1348 ነው። ፍሎረንስ ውስጥ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፋል። ጥቂት ባለጸጎች ከከተማ ውጭ ቪላ ሳንታ ወደሚባል ግቢ ተጠርተው ይሄዳሉ። እንብላ፣ እንጠጣ፣ ሞቱ እስኪያልፍ ዓለማችንን እንቅጭ ባዮች ናቸው። ፓምፒኔያ የምትባለው የቤቱን ጌታ ልታገባ ጓዟን ጭና ትመጣለች። ሰውየው ግን ሞቷል። መጋቢው ሲሪስኮና ወጥ ቤቷ ስትራቲሊያ ሞቱን ደብቀዋል፤ ጌታው ከሌለ እነሱም እንጀራ የላቸውማ። ሊቺስካ የምትባል ገረድ ደግሞ መንገድ ላይ እመቤቷን ከድልድይ ገፍትራ ትጥላትና በእመቤቷ ስም ቪላው ትገባለች። ከዚያ በኋላ ውሸት በውሸት ላይ ይደረባል። ስምንት ክፍል ነው።

ጥያቄ፦ ኮሜዲ ነው ብለውኝ ከፈትኩት። ሰው በቸነፈር እያለቀ ምኑ ነው የሚያስቀው? ነውር አልመሰለሽም?

መልስ፦ እኔም መጀመሪያ ላይ ቅር ብሎኝ ነበር። ግን ልብ ብለህ እይ፤ በታመመው ሰው አይስቅም። የሚስቀው ገንዘቤ ሞትን ደጅ ያስቆምልኛል ብሎ በሚያስበው ነው። ቲንዳሮን አስታውስ። ሐኪሙን ዲዮኔዮን አስከትሎ የመጣ ሞልቃቃ። «አመመኝ፣ አመመኝ» እያለ ራሱን የሚያዳምጥ ሰው ስለሆነ ሐኪሙ እንደፈለገ ይጫወትበታል።

ደግሞ ቦካቾ ራሱ ያደረገው ይኼንኑ ነው። ያን ዘግናኝ እልቂት ከተማው ውስጥ የነበሩ ሰዎች በሚያውቁት ልክ ጻፈው። አባቱም የሞቱት በዚያ ሰሞን ነው። ቀጥሎ ያመጣው ግን መቶ ተረት ነው፤ አብዛኛው ባሏን ስላታለለች ሚስት፣ ስለ አጭበርባሪ መነኩሴ፣ ስለ ጅል ነጋዴ። እኛስ ልቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ካርታ እየተጫወትን ስንስቅ አይደል እንዴ የምናመሸው?

ጥያቄ፦ መጽሐፉን በእንግሊዝኛ አንብቤዋለሁ። ይኼ ድራማ ከስሙ በቀር ከመጽሐፉ ጋር ምን አገናኘው? አበላሹት እኮ!

መልስ፦ ይኼን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ላላነበቡት ልበል። መጽሐፉ ውስጥ አሥር ወጣቶች አሉ፤ ሰባት ሴት፣ ሦስት ወንድ። ማክሰኞ ጠዋት ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ቤተ ክርስቲያን ይገናኛሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬም አለ፤ ከባቡር ጣቢያው ስትወጡ ፊት ለፊታችሁ ነው። ከከተማ ይወጣሉ። በየቀኑ አንዱ ይነግሣል፣ እያንዳንዱ አንዳንድ ተረት ያወራል። አርብና ቅዳሜ ያርፋሉ። በሁለት ሳምንት መቶ ተረት ይሞላል። ስሙም ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ አሥር ቀን እንደማለት።

ድራማው ውስጥ ያ ሁሉ ተረት የለም ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ ልክ ነህ። ግን ስሞቹን አየሃቸው? ፓምፒኔያ፣ ፊሎሜና፣ ኔይፊሌ፣ ፓንፊሎ፣ ዲዮኔዮ ከአሥሩ ናቸው። ሲሪስኮ፣ ሚዚያ፣ ሊቺስካ፣ ስትራቲሊያ ግን መጽሐፉ ውስጥ የሠራተኞች ስም ነው። ፓምፒኔያ በመጀመሪያው ቀን ሥራ ስታከፋፍል ትጠራቸዋለች። ሲሪስኮ ገንዘብ ያዥና ግዢ፤ ሚዚያና ሊቺስካ ወጥ ቤት፤ ስትራቲሊያ የሴቶቹን ክፍል እንድታሰናዳ። አለቀ። ከዚያ በኋላ ድምፃቸው አይሰማም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በስድስተኛው ቀን፣ ከወጥ ቤት ጩኸት ይነሣል። ሊቺስካና ቲንዳሮ የሚባለው አሽከር ሙሽሮች ድንግል ሆነው ነው ወይስ ሳይሆኑ የሚያገቡት ብለው ይጣላሉ። ሊቺስካ ሰፈሩን ሁሉ ታጋልጣለች። እመቤቶቹ ከመሳቃቸው የተነሣ ጥርሳቸውን ሁሉ ብትነቅልላቸው አይታወቃቸውም ይላል ቦካቾ። ሳቁ ሲያበቃ ወደ ወጥ ቤቷ ትመለሳለች።

የድራማው ፈጣሪ ካትሊን ጆርዳን ያቺን የወጥ ቤት በር ከፍታ የገባች ነው የሚመስለኝ። እነዚያ ተረት ሲያወሩ ሳህን የሚያነሣው ማን ነበር? ድራማው እሱን ነው የሚያወራው። ቲንዳሮን ደግሞ ከአሽከርነት አንሥተው ጌታ አደረጉት። መጽሐፉን ያነበበ ብቻ የሚስቅባት ቀልድ ናት።

ጥያቄ፦ የቸነፈሩ ሐኪም ያ የወፍ ምንቃር ያለው ጭምብል ለምን የለውም?

መልስ፦ ምንቃሩ የመጣው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1348 አልነበረም። ጎሽ ብያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ እኔ ዐረብ አገር ነው ያለሁት፣ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ሚዚያን ሳያት አለቀስኩ። ሰው ኮሜዲ ነው ይላል፣ እኔ ግን የራሴን ኑሮ ነው ያየሁት። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት?

መልስ፦ አልተሳሳትሽም የኔ እህት። እንደውም በደንብ ያየሽው አንቺ ነሽ።

ሚዚያ የፓምፒኔያ ገረድ ናት፤ እመቤቷን ትወዳታለች። ፓምፒኔያም የምትወዳት ይመስላታል። ግን ሚዚያ የራሷ ሕመም፣ የራሷ ፍቅር፣ የራሷ ሐዘን ሊኖራት አይፈቀድም። ፍቅረኛዋን እንኳ ታማባት ደብቃ ነው ይዛት የመጣችው። «አንቺ እኮ እንደ ቤተሰባችን ነሽ» የሚለውን ቃል እኔም ሰምቼዋለሁ። በደጉም በክፉውም ቀን። አሁን ያሉት አዛውንት ሲሉኝ አምናለሁ። ከዚህ በፊት የነበርኩበት ቤት ሲሉኝ ግን ልብስ አጣጥፌ ሳልጨርስ እራት አቅርቢ ሊሉኝ ሲሉ ነበር።

ወረርሽኝ ሲመጣ ደግሞ ማን ቤተሰብ እንደሆነ ይለያል። በፈረንጅ 2020 ቤይሩት ላይ ቀጣሪዎች እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሲሄዱ ሁላችንም አይተናል። ያን ያየ ሰው ይኼ ድራማ የስድስት መቶ ዓመት ወሬ አይመስለውም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ቦካቾ በዚያ እልቂት ጊዜ ሠራተኛ ጠፍቶ እንደነበር፣ የተገኘውም ከባድ ደመወዝ ይጠይቅ እንደነበር ጽፏል። በማማረር ነው የጻፈው! ብዙ ሰው ሲሞት ጉልበት ተወደደ፣ ሎሌም ቀና ማለት ጀመረ። እንግሊዝ ወዲያው በ1349 ደመወዝ እንዳይጨምር ሕግ አወጣች። ፍሎረንስ የባሰ አደረገች። በ1363 ክርስቲያን እስካልሆኑ ድረስ ባሪያ ከውጭ ማስገባት ፈቀደች። ከጥቁር ባሕር በኩል ብዙ ታታር ልጃገረዶች መጡ። ለቤት ሥራ። ጠዋት ጠዋት ዳቦ ልገዛ በነዚያ ጠባብ መንገዶች ሳልፍ አስባቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ በሽታው ራሱ ምንድን ነበር? በኛ አገር የሚያውቀው አለ?

መልስ፦ ባክቴሪያ ነው፤ በአይጥ ቁንጫ ይተላለፋል። በ1347 በመርከብ ሲሲሊ ገባ፣ በሚቀጥለው ዓመት ፍሎረንስ ደረሰ። ብሽሽትና ብብት ላይ ንፍፊት ይወጣል፤ ቦካቾ አንዳንዱ ፖም፣ አንዳንዱ እንቁላል ያህል ነበር ይላል። አብዛኛው በሦስት ቀን ይሞታል። የአውሮፓ ሕዝብ ከሲሶ እስከ ግማሽ አለቀ። ምክንያቱ የታወቀው በ1894 ነው፤ የርሲን የተባለ ሐኪም ሆንግ ኮንግ ላይ አገኘው። ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም፣ በፈረንጅ 2017 ማዳጋስካር ላይ ተነሥቶ ነበር። በጊዜ ከተደረሰበት ግን አንቲባዮቲክ ያድነዋል።

በዚያ ዘመን አየሩ ተመርዟል ብለው ያምኑ ነበርና አበባና ሽቶ አፍንጫቸው ላይ ይዘው ይሄዱ ነበር። ኅዳር ሲታጠንን ያስታውሰኛል። የኛው በሽታ ሌላ ነው፤ በኛ አቆጣጠር የ1911ዱ የኅዳር በሽታ ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ግን ጭሱና ሐሳቡ ዘመዳሞች ናቸው።

ጥያቄ፦ በ1348 ጣሊያን ውስጥ እንደዚያ ጠይም መሳፍንት ነበሩ እንዴ? ታሪክ ማዛባት አይደለም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ግማሹ ሰው አሜሪካን፣ ግማሹ አይርላንድ እንደተወለደ የሚያወራበት ድራማ ነው። ሚዚያን የምትሠራው ሲርሻ-ሞኒካ ጃክሰን የሰሜን አይርላንድ አነጋገሯን አልተወችም። ዘፈኑም የኛ ዘመን ነው። ታሪክ ላስተምር አላለም፣ ስላቅ ነው። ለጠቅላላ ዕውቀት ያህል፣ በ1441 ከኢየሩሳሌም የመጡ የኛ መነኮሳት ለጉባኤ ፍሎረንስ ገብተው ነበር። ምስላቸው ሮም በቅዱስ ጴጥሮስ የነሐስ በር ላይ ተቀርጿል። ቸነፈሩ በነበረበት ጊዜ ደግሞ እኛ ዘንድ ዙፋኑ ላይ የነበሩት አፄ ሰይፈ አርዕድ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከእናቴ ጋር ልየው?

መልስ፦ እንዳትሞክሪው። በጾም ደግሞ ጭራሽ።

ጥያቄ፦ እውነቱን ንገሪኝ፣ መሃሉ ላይ እንቅልፍ አልወሰደሽም? እኔ አራተኛው ክፍል ላይ ተውኩት።

መልስ፦ ወስዶኛል። መሃሉ ይንዛዛል። ሁሉም በአንድ ግቢ ተዘግቶ ያንኑ ውሸት ያመላልሳል። የሚጮሁበት ትዕይንት ይበዛል፤ ሁሉም ሲጮህ ደግሞ ቀልዱ ይሞታል። ስድስት ክፍል ይበቃው ነበር። ኔይፊሌና ባሏ ፓንፊሎ ግን ቆይተው ነው የሚጣፍጡት። መጀመሪያ ላይ ለቀልድ ብቻ የገቡ ይመስላሉ፤ በኋላ እርስ በርሳቸው የሚተዛዘኑት እነሱ ሆነው ታገኛቸዋለህ። ካቆምክበት ቀጥል፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች ሌላ ድራማ ናቸው።

ጥያቄ፦ ማን በለጠብሽ?

መልስ፦ ሊቺስካን የሠራችው ታኒያ ሬይኖልድስ። አንገቷን ብቻ ቀና አድርጋ ገረዲቱን እመቤት ታደርጋታለች። ሲሪስኮን የሚሠራው ቶኒ ሄልም አለ፤ እየሰገደ ሥልጣን የሚመኝ ሰው። እንደሱ ዓይነቱን በየመሥሪያ ቤቱ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ።

ጥያቄ፦ ክፍል ሁለት መቼ ይመጣል?

መልስ፦ አይመጣም። በስምንት ክፍል እንዲያልቅ ተብሎ የተሠራ ነው።

ጥያቄ፦ ሲኞራሽስ አዩት? ምን አሉ?

መልስ፦ አብሬያቸው አስቀምጫቸው፣ ምስሉን እየነገርኳቸው አንድ ክፍል ሰሙ። «ይኼ ዴካሜሮን አይደለም፣ ዝጊልኝ» ብለው ተኙ። ጠዋት ቡናቸውን ሳቀርብ ስኳሩን እያማሰሉ ቆዩና፣ «ለመሆኑ ያቺ ሊቺስካ ተያዘች?» አሉኝ።