«ሂ» እና «ሺ» የሚምታታባቸው የቤንጋሊኛ ተናጋሪዎች

ጥያቄ፦ ዱባይ በአንድ ሆቴል የጽዳት ክፍል ተቆጣጣሪ ነኝ። አብረውኝ የሚሠሩ አራት የባንግላዴሽ ልጆች እንግሊዝኛ እንዳለማምዳቸው ለምነውኝ ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት እንቀመጣለን። ሴቷን እንግዳ «ሂ»፣ ወንዱን «ሺ» ይላሉ። «ሂ ማኔጀር»፣ «ቱ ታወል» ብለው ያቆማሉ። ባርማቸውም በማግስቱ ያው ነው። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም። የገለጹልን ስሕተት ሁሉ በቤንጋሊኛ ትክክል ነው፤ እነሱ ያንኑ በእንግሊዝኛ ቃላት እየተናገሩት ነው።

በመደበኛው ቤንጋሊኛ «እሱ»ም «እሷ»ም አንድ ቃል ነው፦ ሼ። በአክብሮት ሲሆን ቲኒ ይላሉ፤ እሱም ጾታ አይለይም። ግሱም ቢሆን እንደኛ «መጣ»፣ «መጣች» እያለ አይለወጥም። ሼ በድምፅ ከእንግሊዝኛው ሺ ጋር መቀራረቡ ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል። ደንቡን ደጋግሞ ማስረዳት ብዙ አይጠቅምም፤ ያውቁታልና። የሚጎድላቸው ፍጥነት ነው። ከስልክዎ 10 ፎቶ ይምረጡ፤ 5 ወንድ፣ 5 ሴት፣ የተቀላቀለ። አንዱን ፎቶ ሦስት ሰከንድ ብቻ ያሳዩና አንድ ዓረፍተ ነገር ያስብሉ፦ «ሺ ኢዝ ክሊኒንግ»፣ «ሂ ኢዝ ኢቲንግ»። በቀን 5 ደቂቃ ይበቃል። «ሂዝ» እና «ሀር»ን ግን አብረው አይጀምሩ። በቤንጋሊኛ ታር ለሁለቱም ስለሚያገለግል «ሀር ዋይፍ» ማለት ይመጣና የያዙትንም ያፈርሰዋል። የመጀመሪያው ሳያስቡት ሲወጣላቸው ያን ጊዜ ይጨምሩት።

«ሂ ማኔጀር» ሌላ ጉዳይ ነው። ቤንጋሊኛ በአሁን ጊዜ «ነው» የሚል ቃል አያስገባም፤ «አሚ ቻትሮ» ቃል በቃል «እኔ ተማሪ» ነው። ለኃላፊ ጊዜ ግን ቺሎ የሚል ግስ አለው። ስለዚህ ያዳምጧቸው፤ «ኢዝ»ን የሚጥለው ልጅ «ዋዝ»ን ብዙ ጊዜ አይጥልም። ልምምዱን ከዚያው ይነሡ፦ «ሂ ዋዝ ኤ ድራይቨር። ናው ሂ ኢዝ ኤ ማኔጀር።» ሁለቱን አንድ ላይ ማስባል «ኢዝ»ን ብቻውን ከማረም ይሻላል። «ኤ»ም አብራ ትገባለች፤ ሙያ ሲጠራ እሷንም ይረሷታልና።

«ቱ ታወል» ላይ ደግሞ እርስዎ ከማንም እንግሊዛዊ አስተማሪ የተሻሉ ነዎት። እኛም «ሁለት ፎጣ» እንላለን፤ ቁጥሩ ብዛቱን ተናግሯልና ቤንጋሊኛም እንደዚሁ ስሙን አያበዛም። «ዘ» እና «ኤ»ም እንዲሁ። እኛ «መጽሐፉ» ብለን መጨረሻ ላይ እንደምንቀጥለው እነሱም «ቦይታ» ይላሉ፤ ቦይ መጽሐፍ፣ ታ የታወቀ መሆኑን የምታመለክት ቅጥያ። «ኤክታ ቦይ» ሲሉ «አንድ መጽሐፍ» ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ በቋንቋቸው ያስብሏቸው። ታ ከስሙ ኋላ ከሆነች «ዘ ቡክ»፣ ኤክታ ከፊት ከሆነ «ኤ ቡክ»። ዘዴው የሚከሽፍበት ቦታ አለ፤ «አማር ቦይታ» ማለት «መጽሐፌ» ነው፣ ታ ግን አለች። «ማይ» ባለበት «ዘ» እንደማይገባ ቀድመው ይንገሯቸው፤ አለዚያ «ዘ ማይ ቡክ» ይላሉ።

ጥያቄ፦ ኩዌት አብራኝ የምትሠራው ቤንጋሊ «አይ ኢት ዋተር»፣ «አይ ኢት ሲጋሬት» ትላለች። «የስተርዴይ» እና «ቱሞሮ»ም ይቀያየሩባታል። ቃላቱን እያወቀች ለምን?

መልስ፦ ካዋ የሚባለው ግስ ምግብ ለመብላት፣ ውኃና ሻይ ለመጠጣት፣ ሲጋራ ለማጨስና መድኃኒት ለመውሰድ ሁሉ ይሠራል። ባንግላዴሽ «ፓኒ ካይ» ሲባል «ውኃ እጠጣለሁ» ነው። ለዚህ ሰዋስው አያስፈልግም። ወረቀት ላይ አራት ዓምድ ይሥሩላት፦ ኢት፣ ድሪንክ፣ ስሞክ፣ ቴክ። ሩዝ፣ ሻይ፣ ሲጋራ፣ ኪኒን የሚሉ ካርዶችን ራሷ ትደልድል። ሾርባ ላይ ትጠንቀቅ፤ ከሳሕን በማንኪያ ከሆነ እንግሊዝኛው «ኢት» ይላል። ግሱን ለብቻው አታጥና፤ «ቴክ ሜዲስን» እንደ አንድ ቃል ይያዝ።

ካል የሚለው ቃል ደግሞ በዕለት ንግግር «ትናንት»ም «ነገ»ም ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚነግራቸው ግሱ ነው። የቀን መቁጠሪያ ግድግዳ ላይ ይስቀሉና በጣቷ እየነካች «የስተርዴይ አይ ዌንት»፣ «ቱሞሮ አይ ዊል ጎ» ትበል። ቀኑና ግሱ ሁልጊዜ አብረው ይነገሩ።

ጥያቄ፦ ለንደን ለሲሌት (ከሰሜን ምሥራቅ ባንግላዴሽ) እናቶች በፈቃደኝነት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። «አይ አም ሊቪንግ ሂር ሲንስ ቱ ይርስ» ይላሉ፤ ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ ደግሞ በ«ኢዝንት ኢት» ይዘጉታል።

መልስ፦ የሲሌት ንግግር ሄ እና ታይ ብሎ ወንድና ሴትን ስለሚለይ ከላይ የጻፍነው የ«ሂ» እና የ«ሺ» ችግር እነሱን ያን ያህል ላያስቸግራቸው ይችላል። ወደ ጥያቄዎ ስንመጣ፣ ቤንጋሊኛ ተጀምሮ ያልተቋረጠን ነገር በአሁን ጊዜ ግስ ነው የሚናገረው፤ «ዱይ ቦቾር ቴኬ» የሚለው ሐረግ ቃል በቃል «ከሁለት ዓመት ጀምሮ» ነው። «ሲንስ» የቀን መቁጠሪያ ላይ የሚነካ ነጥብ ይፈልጋል፤ «ሲንስ ማርች»። «ፎር» የሚቆጠር ርዝመት ይፈልጋል፤ «ፎር ሲክስ መንዝስ»። እያንዳንዷ እናት የራሷን የመጣችበትን ወር ይዛ በሁለቱም መንገድ ትናገር፤ ግሱ በሁለቱም «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር» ነው።

«ኢዝንት ኢት» የእኛ «አይደል?» ነው፤ በመደበኛው ቤንጋሊኛ «ታይ ና?» ይባላል፣ ለማንኛውም ግስ ሳይለወጥ ያገለግላል። ለጊዜው በ«ራይት?» ይተኩላቸው፤ በንግግር የትም ቦታ ትክክል ነው። «ዳዝንት ሺ» እና «ካንት ዩ»ን የሚያስተምሩት ጥያቄ መመሥረት ከለመዱ በኋላ ይሁን።