ስለ ጎረቤት የማሪዋና ጭስ፦ ፖሊስ ከመጥራትሽ በፊት

እህቴ፣ «ዋሽንግተን ዲሲ ነው የምኖረው፤ ከታች ያለው ጎረቤቴ የሚያጨሰው ማሪዋና ልጄ መኝታ ክፍል እየገባ ነው፤ ፖሊስ ልጥራ?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ አትጥሪ። እኔ ጠርቼ አይቼዋለሁ።

1. እዚህ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላው ሰው በገዛ ቤቱ ቢያጨስ ወንጀል አይደለም። የመጡት ፖሊሶች ኮሪደሩን አሽትተው «አዎ፣ ይሸታል» ብለው ሄዱ። ሰውየው ግን ማን እንደጠራቸው አላጣውም፤ ሰላምታ ቀረ።

2. አቤቱታሽ ስለ ጭሱ እንጂ ስለ ዕፁ አይሁን። እኔ ለአከራዩ «ሐሺሻም፣ ሱሰኛ» እያልኩ ሦስት ገጽ ሞላሁ፤ ጭሱ በየት በኩልና በስንት ሰዓት እንደሚገባ ግን አንድ መስመር አልጻፍኩም። የአከራዩ ቢሮ ልጅ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ማሪዋና እንዲጠቀም የሐኪም ፈቃድ አለው» አለችኝ። እኔም አፌን ይዤ ወጣሁ፤ ዛሬም ያንገበግበኛል! እ.ኤ.አ. በ2023 እዚሁ ዲሲ አንዲት አረጋዊት ያለ ጠበቃ ተከራክረው የረቱት እኮ እንዲህ ያለ ፈቃድ የያዘ ጎረቤት ነው። ዳኛዋ ፈቃዱ የሌላውን ቤት ሰላም ለመንሳት አይሆንም ብለው፣ ከሴትዮዋ ቤት 25 ጫማ ርቀት ውስጥ እንዳያጨስ አዘዙ። ካሳ ግን አልፈረዱላቸውም፤ ገንዘብ አስበሽ አትነሺ። ነገሩ ለእኛም አዲስ አይደለም፤ የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1225 ባለቤት ከጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስና መጥፎ ሽታ እንዳያወጣ ይከለክላል።

3. እጣንሽን ተጠንቀቂ። ይህን የምለው በደረሰብኝ ነው። አከራዩ ሁለታችንን ሲያነጋግር ሰውየው ስልኩን አውጥቶ፣ እሑድ ቡና ስቆላና እጣን ሳጨስ ከመስኮቴ የሚወጣውን ጭስ አሳየ። የጭስ ማስጠንቀቂያዬ የጮኸበትን ቀንና ሰዓት ሳይቀር ጽፎ ይዟል! እኔ ከሳሿ ባዶ እጄን፤ ተከሳሹ ማስታወሻ ደብተር ይዞ። የዚያን ቀን እጣኑን የገዛሁበትን ሱቅ ሁሉ ረገምኩ።

ከዚያ በኋላ እኔም ደብተር ገዛሁ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ክፍል፣ ልጄ ያሳለበትን ሌሊት ጻፍኩ። የኪራይ ውሌንም ያን ጊዜ ነው በደንብ ያነበብኩት፤ ጭስ የሚከለክለው አንቀጽ እዚያው ተቀምጧል፣ እኔ ለካ ሳላነበው ፈርሜያለሁ። አንቀጹን ከደብተሩ ቅጂ ጋር አያይዤ ብልክ በሳምንቱ የጥገና ሠራተኛ መጣ። ጭሱ የሚገባው በኩሽናው ማጠቢያ ሥር፣ በቧንቧው ዙሪያ ባለ ጣት በሚያስገባ ቀዳዳ ነበር። በአሥር ደቂቃ ደፈነው። ሰባት ወር የተጣላሁት በዚያ ቀዳዳ ነው።

ሰላምታው ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም።