«ልዩ ምርጫ» ወይስ «ማሟያ ምርጫ»?

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ ሆጤ አካባቢ የምኖር የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። በአሜሪካ አንድ የምክር ቤት አባል ሲሞት ወይም ሲለቅ የሚደረገውን ምርጫ የዜና አንባቢዎች «ልዩ ምርጫ» ይሉታል። ከተማሪዎቼ ገሚሱ «ለጎደለው ወንበር ልዩ ምርጫ ተደረገ» ብለው ሲጽፉ፣ ሌሎቹ «ድጋሚ ምርጫ» ይላሉ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ለዚህ ዓይነቱ ምርጫ አማርኛ ከእነዚህ ከሁለቱም የተለየ፣ የታወቀ ስያሜ አለው፤ እርሱም «ማሟያ ምርጫ» ነው። የምርጫ ሕጋችን የሚጠራው በዚሁ ስም ሲሆን፣ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የተካሄደውም «የአካባቢና የማሟያ ምርጫ» ይባል ነበር። «ልዩ» የሚለው ቅጽል ምርጫው ለምን እንደተጠራ አይናገርም። በአስተዳደር አማርኛችን ደግሞ «ልዩ ወረዳ» ወይም «ልዩ ዞን» ስንል የአንድን አካባቢ የተለየ ይዞታ ማመልከታችን ስለሆነ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖር ሰው «ልዩ ምርጫ» ሲባል ቢሰማ የዞን ምርጫ ቢመስለው አይፈረድበትም።

«ማሟያ» ግን ጉዳዩን በስሙ ይዞታል። «ሞላ» ከሚለው ግስ «ተሟላ»፣ «አሟላ» ይወጣሉ፤ የመሣሪያው ስም «ማሟያ» ይሆናል። «ለ» ወደ «የ» መለወጡ ከ«ሰቀለ» «መስቀያ»፣ ከ«ከፈለ» «መክፈያ» እንደሚገኘው ነው። «ምልዓተ ጉባኤ» የምንለውም ከዚሁ ሥር በግዕዝ በኩል የመጣ ነው፤ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 58 ከግማሽ በላይ አባላት ሲገኙ ጉባኤው ሞላ ይላል።

የተማሪዎችዎ «የጎደለ ወንበር» ሌላ እርማት ይፈልጋል። ሠርግ ቤት እንግዳ በዝቶ መቀመጫ ሲያንስ «ወንበር ጎደለ» እንላለን። ምክር ቤት ውስጥ ግን ወንበሩ በቦታው አለ፤ የጎደለው ተቀማጩ ነው። ስለዚህ «የተጓደለ አባል» ወይም «ክፍት የሆነ መቀመጫ» ማለት ይገባል።

«ድጋሚ ምርጫ» ጨርሶ ሌላ ነገር ነው፦ ተካሂዶ የነበረ ምርጫ ውጤቱ ሲሰረዝ እንደገና የሚደረግ ነው። ጭራሽ ያልተካሄደው «ቀሪ ምርጫ» ይባላል። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ቤኒሻንጉል ጉሙዝን ጨምሮ በተለያዩ ክልሎች የተደረገው «ቀሪና ድጋሚ ምርጫ» መባሉ በዚህ ምክንያት ነው፤ በዚያ ስያሜ «ማሟያ» አለመግባቱን ለተማሪዎችዎ ቢያሳዩአቸው ልዩነቱ ቶሎ ይገባቸዋል።

ዜናው የአሜሪካ መሆኑ ቃሉን አያስለውጥም። በዚያ አገር ሕገ መንግሥት መሠረት የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ክፍት ሲሆን የግዛቱ አገረ ገዥ ምርጫ ይጠራል እንጂ ሰው አይሾምበትም፤ በሴኔት ግን ከ1913 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ወዲህ የግዛቱ ሕግ አውጪ ከፈቀደለት አገረ ገዥው ጊዜያዊ ተተኪ መሾም ይችላል። ሹመቱን «ምትክ»፣ ምርጫውን «ማሟያ» ብሎ መለየት ለዜና ጸሐፊም ይጠቅመዋል።

አጻጻፉን በተመለከተ «ማሟያ ምርጫ»ም «የማሟያ ምርጫ»ም ያስኬዳሉ፤ «መክፈቻ ንግግር» እና «የመክፈቻ ንግግር» እንደምንለው ነው።