ገጹ ከተከፈተ በኋላ የሚመጣ ይዘት

ጥያቄ፦ የዕቃ መሸጫ ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው። የዕቃው መግለጫ ከገጹ ጋር አብሮ ይመጣል፤ «ተመሳሳይ ዕቃዎች» የሚለውን ዝርዝር ግን ገጹ ከተከፈተ በኋላ በጃቫስክሪፕት ከሰርቨር አመጣዋለሁ። ዝርዝሩ ሲደርስ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ወደ ታች ይገፋል። በአዲሶቹ ዕቃዎች ላይ ያለው «ጨምር» የሚለው ቁልፍ ሲነካ አይሠራም። አልፎ አልፎ ደግሞ «በመጫን ላይ» እንዳለ ይቀራል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የሦስቱም ምክንያት ለየቅል ነው። ጽሑፉ የሚገፋው ብሮውዘሩ ለዝርዝሩ ቦታ ስላልያዘ ነው፤ ባዶ ሳጥን ቁመት የለውም። በሲኤስኤስ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) «ሚን-ሃይት» በሚለው የዝቅተኛ ቁመት ትእዛዝ ቁመቱን አስቀድመው ይስጡት። 6 ዕቃዎች ወደ ታች ቢደረደሩ፣ የእያንዳንዱ ቁመት 120፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት 16 ፒክስል ቢሆን፣ 720 እና 80 ተደምሮ 800 ፒክስል ይሆናል። በሰፊ ስክሪን ጎን ለጎን ስለሚሆኑ ሒሳቡ ለዚያ ለብቻ ይሠራ።

ቁልፉ የማይሠራው ሊስነሩ (ቁልፉ ሲነካ ሥራውን የሚያስጀምረው ኮድ) የተያያዘው ገጹ ሲከፈት በነበሩት ቁልፎች ላይ ብቻ ስለሆነ ነው። ዝርዝር በመጣ ቁጥር ለሁሉም ቁልፎች አዲስ ሊስነር አይጨምሩ፤ ነባሮቹ ላይ ይደረብና አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። አንድ ሊስነር ዝርዝሩን በያዘው ሳጥን ላይ ያድርጉና የተነካውን ቁልፍ ከተነካው ክፍል ጀምሮ ወደያዙት ክፍሎች እየወጣ በሚፈልገው «ክሎዘስት» ይለዩ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ሰርቨሩ 404 (አልተገኘም) ወይም 500 (የሰርቨር ስህተት) ቢመልስም «ፌች» የሚባለው፣ ከሰርቨር መረጃ የሚያመጣው የጃቫስክሪፕት ትእዛዝ፣ እንደ ስህተት አይቆጥረውም፤ ምላሽ እስከመጣለት ድረስ ሥራው ተሳክቷል። ኮድዎ ያንን የስህተት ገጽ እንደ ጄሰን (መረጃ የሚላክበት የጽሑፍ ቅርጽ) ሊያነብ ሲሞክር ይወድቃል፤ «በመጫን ላይ» የሚለውን የሚያጠፋው መስመር ጋ አይደርስም። ስለዚህ ከማንበብዎ በፊት ምላሹ የተሳካ መሆን አለመሆኑን የሚናገረውን «ኦኬ» ይፈትሹ፤ የሚያጠፋውን መስመርም ቢሳካም ባይሳካም በሚሠራው «ፋይናሊ» ውስጥ ያስገቡት። ጨርሶ መልስ የማይሰጥ ሰርቨርም አለና ጥያቄውን በሚያቋርጠው «አቦርት ሲግናል» የ8 ሰከንድ ገደብ ያብጁለት። ሲከሽፍ ባዶ ቦታ አይተዉ፤ «እንደገና ሞክር» የሚል ቁልፍ ያሳዩ።

ጥያቄ፦ ዋናውን መግለጫና ትልቁን ፎቶም በኋላ ባመጣቸው ገጹ አይፈጥንም?

መልስ፦ እንዲያውም ይዘገያል። ፎቶው በኤችቲኤምኤሉ ውስጥ ካለ ብሮውዘሩ ወዲያው መጠየቅ ይጀምራል፤ በስክሪፕት ከመጣ ግን መጀመሪያ ስክሪፕቱ መውረድና መሥራት አለበት። ጉግል ጥሩ የሚለው ትልቁ ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ሲታይ ነው። ፎቶው እስኪቀርብ ድረስ እንዳይወርድ የሚያደርገውን «ሌዚ» የሚለውን ምልክትም ገጹ እንደተከፈተ ለማይታዩ፣ ወደ ታች ሲወረድ ለሚገኙ ፎቶዎች ብቻ ይጠቀሙበት።