ዋናውን ዳታ አትንኩት

በዳታቤዝ ሙያ ገና ለምትጀምሩ ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ባልደረባዬ «የድሮ መዝገብ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ሰርቪስ ልሠራ ነው፤ ከየት ልጀምር?» ብላ ጠየቀችኝ። በአጭሩ መለስኩላት። እዚህ ግን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። ይህ ሥራ አንድ ቀን ለብዙዎቻችሁ ይደርሳችኋል።

ፊደላችን ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት ፎንት ሠሪዎች የላቲን ፊደላትን ቦታ ወስደው የእኛን ቅርጽ ያስቀምጡበት ነበር። ስክሪን ላይ «ሰ» ሆኖ የሚታየው፣ ዳታቤዙ ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል ወይም ሌላ ምልክት ነው። አንዱ ፎንት ለ«ሰ» የሰጠው ቦታ ደግሞ ሌላው ከሰጠው ጋር አይገናኝም። የዎርድ ፋይል ከሆነ የፎንቱ ስም አብሮ ስለሚቀመጥ ሥራው ይቀላል። ዳታቤዝ ውስጥ ግን ባይቱ ብቻ ነው ያለው። የትኛው ፎንት እንደነበር የሚነግሯችሁ መዝገቡን ይጽፉ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ጡረታ ወጥተው ከሆነም ቤታቸው ድረስ ሂዱ።

ብዙ ፎርማት ካላችሁ ሁሉንም መጀመሪያ ወደ አንድ መካከለኛ ፎርማት አምጡ። 10 ፎርማት እርስ በርስ ለመቀየር 90 መቀየሪያ ያስፈልጋል። በመካከለኛው በኩል ከሆነ 20 ይበቃል።

አሁን ወደ ቀን እንምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሲሳሳት አይቻለሁ። አንዳንድ የድሮ ሲስተሞች የእኛን ቀን በፈረንጅ ቀን ኮለም ውስጥ እንዳለ ያስገቡታል። መስከረም 1 ቀን 1985 ሲገባ ዳታቤዙ ጃንዋሪ 1 ቀን 1985 ብሎ ይቀበለዋል። እውነተኛው ቀን ግን ሴፕቴምበር 11 ቀን 1992 ነው። ፌብሩዋሪ 29 እና 30 በዚያ ዓመት ስለሌሉ ጥቅምት 29 እና 30 አይገቡም። 13ኛ ወር ስለሌለ አምስቱ የጳጉሜን ቀናትም አይገቡም። ስለዚህ ከ365ቱ ቀናት ስህተት የሚያሳዩት 7ቱ ብቻ ናቸው። 358ቱ ደህና መስለው ይቀመጣሉ። 7ቱን አስተካክሎ «ጨርሻለሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ፣ እባካችሁ አስቁሙት። እነዚያ የሰው የልደትና የቅጥር ቀናት ናቸው።

መቀየሪያው ማረሚያም አይሁን። «፡፡» ሁለቴ የተመታውን ወደ «።» መቀየር ያስማማናል። ግን «ሠ»ን ወደ «ሰ»፣ «ኀ»ን ወደ «ሀ» አትለውጡ። ስሙን እንደዚያ የጻፈው ባለቤቱ ነው። ፍለጋ እንዲቀል ከፈለጋችሁ ለፍለጋ የሚሆን ሌላ ኮለም ሥሩ። ሊነበብ ያልቻለ መስመር ሲያጋጥማችሁም የጥያቄ ምልክት ተክታችሁ አትለፉት። ለብቻው አስቀምጡትና ሰው ይየው።

ከሁሉም በላይ ግን በዋናው ላይ አትጻፉበት። የተቀየረውን በአዲስ ኮለም አስቀምጡ። በየትኛው የመቀየሪያ እትም እንደተቀየረም አብራችሁ መዝግቡ። ያኔ ነገ ስህተት ብታገኙ ደግማችሁ ከዋናው ማስኬድ ትችላላችሁ። ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰብኝ ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት የአንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች መዝገብ ቀይሬ ነበር። የስሙ ቦታ የሚለካው በባይት ሲሆን ልኩም 40 ነበር። በድሮው ፎንት ስሞቹ በደንብ ይበቃቸው ነበር። ዩኒኮድ በባይት በሚቀመጥበት ዘዴ፣ በዩቲኤፍ-8፣ ግን አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «ወልደማርያም ገብረሥላሴ ኃይለሚካኤል» የሚል ስም እንውሰድ። ወልደማርያም 21፣ ክፍት ቦታው 1፣ ገብረሥላሴ 18። 40 ሞላ። አያትየው ውጭ ቀሩ። ሲስተሙ ስህተት አላሳየም፤ ቆርጦ አስቀመጠው። እኔም የጻፍኩት በዋናው ላይ ነበር። ባክአፑ ላይም ከጊዜ በኋላ በአዲሱ ተጽፎበታል።

ነገሩ የታወቀው አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን ጡረታ ሊያስፈጽሙ ሲመጡ ነው። በእጃቸው ያለው ወረቀትና ሲስተሙ ላይ ያለው ስም አልገጠመም። ምንም ባላጠፉት ነገር ተመላለሱ። እኛም መዝገብ ቤት ገብተን፣ አቧራውን እያራገፍን፣ ፋይል በፋይል ስሞቹን በእጅ መለስን። ሁለት ወር ፈጀብን። የእሳቸው ባለቤት ፋይል ተገኘ። ፋይላቸው የጠፋባቸው ሰዎች ግን እዚያ መዝገብ ላይ ያለ አያት ስም ቀርተዋል።