ለፑኔው ወንድማችን፦ ፊያቷን ግዛት፣ ግን መጀመሪያ ሥሯን እያት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አይቼዋለሁ። ህንድ ውስጥ ፑኔ ለሥራ እንደምትኖር፣ የአከራይህ አባት ይነዷት የነበረች የ1968 ፊያት 1100 ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሳ ለዓመታት እንደቆመች፣ ቤተሰቡም በትንሽ ዋጋ ሊለቅልህ እንዳሰበ ጽፈሃል። ልግዛት ወይ? ከየት ልጀምር? በኋላስ አዲስ አበባ ይዣት ልገባ እችላለሁ? ነው ያልከው። እኔም የምኖረው እዚሁ፣ ፑኔ ባለችበት ማሃራሽትራ ክልል ነው። ተማሪ ሆኜ ፑኔ ከመጣሁ ጀምሮ ከነዚህ መኪኖች አልተለየሁም፤ የራሴም 1100 አለችኝ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው፦ ሥሯ ካልበሰበሰና ወረቀቷ ንጹህ ከሆነ ግዛት። ሞተሩ ባይነሳ አይድነቅህ። ሞተር ይሠራል። የበሰበሰ አካል ግን ኪስህንም ልብህንም ይጨርሳል።

መጀመሪያ ምን እንዳገኘህ እወቅ። ሚሌቼንቶ የሚሏት ይቺ መኪና ጣሊያን ውስጥ በ1953 ነው የወጣችው፤ መሐንዲሷ ዳንቴ ጃኮሳ ነበር። ሞተሯ ደግሞ ከዚያም ይቀድማል፣ የ1089 ሲሲው ሞተር መነሻ 1937 ነው። ቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) ላይ በ1944 ዋልቻንድ ሂራቻንድ ያቋቋመው ፕሪሚየር አውቶሞቢልስ ኩርላ በነበረው ፋብሪካው ይገጣጥማት ጀመር፣ ቀስ በቀስም ክፍሎቿን እዚሁ ወደ መሥራት ገባ። ያንተዋ 1100ዲ ናት። እዚህ በ1964 ገባች፣ ሰው ዲላይት ይላታል። ጣሊያኖቹ በ60ዎቹ መጨረሻ የ1100ን ነገር ዘግተው ወደ ሌላ ሞዴል ሄዱ። ቦምቤይ ውስጥ ግን ያው አካል፣ ያው ሞተር፣ መጀመሪያ ፕሪሚየር ፕሬዚደንት፣ ከ1974 ጀምሮ ደግሞ ፕሪሚየር ፓድሚኒ እየተባለ እስከ 2000 አካባቢ ቀጠለ። ተወልዳ ያደገችበት አገር ከተዋት በኋላ ወደ 30 ዓመት እዚህ ኖረች ማለት ነው። ጥቁርና ቢጫዎቹ የሙምባይ ታክሲዎች እነሱ ነበሩ፤ የመጨረሻዎቹ የ20 ዓመት ገደባቸው ሞልቶ ከመንገድ የወጡት ጥቅምት 2023 ላይ ነው።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት በምክንያት ነው። እዚህ ፊያት የሚያድሱ ብዙ ሰዎች መኪናዋን ጣሊያናዊት ለማድረግ ይደክማሉ። ከቶሪኖ መሪ ያስመጣሉ፣ የጣሊያን መብራት ይገጥማሉ፣ ፓድሚኒ የነበረችውን የፕሪሚየር ዓርማ አንስተው የፊያት ይለጥፉባታል። እኔ በዚህ አልስማማም። የህንድ ሚሌቼንቶ የራሷ ታሪክ ያላት መኪና ናት። ኩርላ የተሠራ መስታወት፣ ኩርላ የተመታ ዓርማ ካላት እሱን አጽዳና መልስ። ያንተዋ በፊያት ስም የወጣች ስለሆነች ዓርማዋ ፊያት ነው፣ ጥሩ። የሌላት ነገር ግን አትጨምርባት።

ወረቀቱን አስቀድም። ሊብሬው በማን ስም ነው? አባትየው በሕይወት ከሌሉ ወራሾቹ መጀመሪያ ወደ ስማቸው ማዞር አለባቸው፣ ከዚያ ነው ላንተ የሚሸጡልህ። ለስም ዝውውር ፎርም 29 እና 30 የሚባሉትን ትሞላላችሁ። ከሌላ ክልል የመጣች ከሆነ ደግሞ ከዚያ የተሰጠ የመልቀቂያ ወረቀት ያስፈልጋል። ኮፈኑን ክፈትና የሻንሲውንም የሞተሩንም ቁጥር በእጅህ ጠርገህ ከሊብሬው ጋር አስተያይ። አንድ ቁጥር እንኳ ካልገጠመ ገንዘብ አታውጣ፣ ሰዎቹ የቱንም ያህል ደግ ቢሆኑ። የውጭ ዜጋ ስለሆንክ የመኖሪያ ፈቃድህንና የአድራሻ ማስረጃህን ይዘህ የሠፈርህ የትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ ምን እንደሚጠይቁ አስቀድመህ ስማ።

እዚህ ላይ አንድ ምርጫ አለብህ። ህንድ በ2021 ለአሮጌ መኪኖች የተለየ ምዝገባ አውጥታለች። ከ50 ዓመት በላይ የሆናት፣ ሻንሲዋ፣ አካሏና ሞተሯ ያልተቀየረ መኪና በሰሌዳዋ ላይ «ቪኤ» የሚል ፊደል ታገኛለች። ክፍያው 20,000 ሩፒ ነው፣ ለ10 ዓመት ያገለግላል፣ ማደሻው 5,000። ያንተዋ ዕድሜዋ ይፈቅድላታል። ግን በዚህ ሰሌዳ እንደልብህ መንዳት አትችልም፤ ለኤግዚቢሽን፣ ለሰልፍ፣ ለቴክኒክ ጥናት፣ ነዳጅ ለመቅዳትና ለጥገና ብቻ ነው የተፈቀደው። እኔ የራሴን በተለመደው ምዝገባ ነው የያዝኳት። በየ5 ዓመቱ ምርመራ አለባት፣ አድካሚ ነው፣ ግን እሑድ ጠዋት ተነስቼ ወደምፈልግበት እሄዳለሁ። መኪና መነዳት አለባት ብዬ አምናለሁ። ዴልሂ ብትሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር፤ እዚያ ፍርድ ቤት 15 ዓመት ያለፋቸውን የቤንዚን መኪኖች ስለገደበ ጣጣው ብዙ ነው።

አሁን ሥሯን እንይ። የቤት ልብስህን ልበስ፣ ጠንካራ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ መዶሻና ማግኔት ያዝ። ማግኔቱን በስስ ጨርቅ ጠቅልለው ቀለሟን እንዳይጭር። ከበሮቹ በታች ባለው ላሜራ ላይ ከፊት እስከ ኋላ እያንሸራተትክ ሂድ። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ላይ ያለው ብረት አይደለም፣ ስቱኮ ነው። ይቺ መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም፣ አካሏ ራሱ ነው የሚሸከማት። ስለዚህ ከበሩ ሥር ያለው ላሜራ ጌጥ አይደለም፣ ወገቧ ነው። ቀጥሎ የወለሉን ምንጣፍ አንሳ። ባትሪ የሚቀመጥበትን እይ። የኋላ ባሌስትራ የሚታሰርበትን ቦታ በመዶሻው ጫፍ ቀስ ብለህ ምታ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ጥሩ ነው፣ የታፈነ ድምፅ ከሰማህ ውስጡ ተበልቷል። የፊት መስታወት ጎማው ሥር፣ የኋላ ዕቃ መጫኛው ወለል ላይም ውሃ ይተኛል። የዚህ አገር ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም አይለቅም፣ ሸራ ደግሞ እርጥበቱን ውስጥ ይዞ ያቆየዋል። ሸራ ለብሳ የቆየች መኪና ከላይ ስታያት አምራ ከሥር አልቃ ልታገኛት ትችላለህ።

ግን ዝገት አየሁ ብለህ ወዲያው ተስፋ አትቁረጥ። እዚህ አገር የቀረው ትልቁ ሀብት ላሜራ ቀጥቃጮቹ ናቸው። እኔ የምሄድባቸው ሰውዬ፣ ሁላችንም ካካ ነው የምንላቸው፣ ከበሩ ሥር የሚገባውን ላሜራ ሲሠሩ መሬት ላይ ነው የሚቀመጡት። ከፊታቸው አንድ ቁራጭ የባቡር ሐዲድ አለ። መጀመሪያ ከደህናው ጎን በካርቶን ልክ ይወስዳሉ። ከዚያ አዲሱን ላሜራ ሐዲዱ ጫፍ ላይ ያሳርፉና በእንጨት መዶሻ፣ ሳይቸኩሉ፣ በትንሽ በትንሹ ያጥፉታል። በየመሀሉ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው በካርቶኑ ይለኩታል፣ ጣታቸውን በጠርዙ ላይ ያስኬዱታል፣ መልሰው ይመቱታል። ሲጨርሱ ከፋብሪካ የወጣ ነው የሚመስለው። እንዲህ ዓይነት ሰው ካገኘህ የሚጠይቅህን ክፈለው፣ አትከራከር። ከበሩ ሥር ያለውን ላሜራ ቆርጦ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ከመበየዱ በፊት መኪናዋ በትክክል መደገፏንና በሮቹ መዘጋታቸውን እንዲያረጋግጥ ጠይቅ። ወገቧ ተቆርጦ ሳለ ትንሽ ካዘመመች በሮቹ ዳግም አይገጥሙም።

ሞተሩን በተመለከተ፣ ለዓመታት የቆመ ሞተር ላይ ባትሪ አስረህ ቁልፍ እንዳታዞር። ካንዴላዎቹን ፍታ፣ በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት አንጠባጥብ፣ አሳድረው፣ ከዚያ በእጅ አዙረው። ከዞረ እሰየው። የሞተር ዘይቱን ቀይር፣ የቤንዚን ታንኩን አውርደህ እጠብ፤ አሮጌ ቤንዚን እንደ ሙጫ ሆኖ ይደርቅና ካርቡራተሩን ይደፍነዋል። ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ አሉሚኒየም ስለሆነ ሙቀት ያጣምመዋል፣ ከፈታኸው አይቀር ልሙጥነቱን አስለካ፣ ጓርኒሲዮኑን (ማሸጊያውን) በአዲስ ቀይር፣ ራዲያተሩንም አስጠርግ። እዚህ ትራፊክ ውስጥ በበጋ የምትቆመው መቆም ቀላል አይደለም። ቴስታታው ወርዶ ሳለ የቫልቭ መቀመጫዎቹን በጠንካራዎቹ አስቀይር። ሞተሩ የተሠራው እርሳስ ላለበት ቤንዚን ነው፤ እርሳሱ መቀመጫዎቹን ይጠብቃቸው ነበር፣ ያ ቤንዚን ደግሞ ህንድ ውስጥ በ2000 ቀርቷል።

አሁን የሚሸጠው ቤንዚን ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። 20 በመቶው ኢታኖል ነው። ኢታኖል አሮጌ ጎማ ይበላል፣ ውሃም ይስባል። ስለዚህ የቤንዚን ቱቦዎቹን በሙሉ፣ የፓምፑን ስስ ጎማ፣ የካርቡራተሩን ማሸጊያዎች ኢታኖል በሚችል ዓይነት ቀይር። ይህ የሚታለፍ ነገር አይደለም። የሞቀ ሞተር ላይ የሚያንጠባጥብ ቱቦ መኪናዋን ያቃጥላታል። በዝናቡ ወራት ካልነዳሃትም ታንኩ ውስጥ ቤንዚን አታክርም።

ፍሬን ላይ አንዲት ሩፒ አትቆጥብ። አራቱም ጎማ ከበሮ ፍሬን ነው። የፍሬን ዘይቱ በነዚህ ዓመታት እርጥበት ጠጥቷል፣ ጎማው ጋር ያሉት ትንንሽ ፓምፖች ውስጣቸው ዝጓል ማለት ነው። ፓምፖቹን፣ የፍሬን ሸራውን፣ ላስቲክ ቱቦዎቹን ሁሉ በአዲስ ተካ። ሞተሩ ቢነሳ እንኳ ይሄ ሳይሠራ ከግቢ አትውጣ።

ዕቃ ታገኛለህ። ፓድሚኒ እስከ ቅርብ ጊዜ ስትሠራ ስለነበረና በሺዎች የሚቆጠሩ ታክሲዎች ስለነበሩ የፍሪሲዮን፣ የፍሬን፣ የኩሽኔታ፣ የጓርኒሲዮን ችግር የለም። የሚያስቸግረው የ1100ዲ የራሷ የሆነው ነው፦ የፊት ፍርግርጉ፣ መብራቶቹ፣ መሪው፣ የበር እጀታዎቹ። ለነዚህ ሙምባይ ቾር ባዛርና ኩርላ ያሉት የአሮጌ ዕቃ መደብሮች ጋ ሂድ፤ ዴልሂ ማያፑሪ፣ ቼናይ ፑዱፔት አሉ። አሮጌውን ዕቃ በእጅህ ይዘህ ሂድ፣ በስልክ ፎቶ አትገበያይ። ከመኪናዋ የወረደ ነገር ደግሞ የተሰበረም ቢሆን አትጣል፣ ለልክ ይጠቅማል።

አንዳንድ ጋራዥ «ይሄን ሞተር ተወው፣ ዘመናዊ ልግጠምልህ» ይልሃል። እምቢ በል። ያቺን «ቪኤ» ሰሌዳ የማግኘት መብትህ አብሮ ይሄዳል፣ የመኪናዋም ነፍስ እሱ ሞተር ነው።

ቀለም መጨረሻ ይምጣ። የበሩን የውስጥ ልባስ ስታወርድ የፋብሪካው ቀለም ፀሐይ ሳይነካው ታገኘዋለህ፣ በእሱ አስመስለህ አስቀባ። የሚያብረቀርቀውን ዘመናዊ ቀለም ተው። ዋጋውን በተመለከተ አካሏ ሳይታይ ቁጥር ብነግርህ ልዋሽህ ነው፤ ከጠቅላላው ወጪ ግማሽ በላይ ላሜራና ቀለም እንደሚወስደው ግን ያዝ።

ሲያልቅ በአሮጌው የሙምባይ መንገድ ወደ ሎናቫላ ውሰዳት። ማርሹ መሪው ላይ ነው፣ እጅህ እስኪለምደው ጥቂት ቀን ይወስዳል። ከሎናቫላ አልፈህ ወርደህ ስትመለስ፣ ካንዳላ ዳገት ላይ ሁለተኛ አስገብተህ መስኮት ከፍተህ ስትወጣ ያ ትንሽ ሞተር ሳይጨነቅ፣ ሳይጮህ ይጎትታል። ከኋላህ ያሉት መኪኖች ያልፉሃል፣ ሲያልፉም ሰው መስኮት አውርዶ «አባቴ እንዲህ ዓይነት ነበረው» ይልሃል። ይህ የማይደርስበት ጉዞ የለኝም።

አዲስ አበባን እርሳው። ከ2024 ጀምሮ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ያገር ቤት የፊያት ፍቅር ካለብህ እዚያው ያሉትን ሴቼንቶዎች ፈልግ፣ ወይም ላዳ፤ ላዳም ብትሆን መነሻዋ ፊያት 124 ናት።

ከመግዛትህ በፊት የሻንሲ ቁጥሯን፣ የሁለቱን በሮች ሥር፣ የባሌስትራ ማሰሪያዎቹንና ምንጣፉ ተነስቶ ወለሉን ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍ። አይቼ የሚመስለኝን እነግርሃለሁ። ካካም ቅዳሜ ቅዳሜ ስለማገኛቸው አሳያቸዋለሁ።